የአስቀሎና ጉድጓዶች፦ የአንድ ጠረፍ ታሪክ ከከነዓናውያን እስከ ቤተ እስራኤል

አሽኬሎን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና እየተባለች የምትጠራው ጥንታዊት የባሕር ዳር ከተማ፣ በእስራኤል ደቡባዊ የሜዲትራንያን ጠረፍ ላይ ከቴል አቪቭ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ከጋዛ ሰርጥ ወሰን ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ርቃ ትገኛለች። ከ150,000 በላይ ከሚሆኑት ነዋሪዎቿ መካከል ከጎንደር፣ ከስሜን፣ ከወገራ፣ ከደምቢያና ከትግራይ ደጋማ መንደሮች የመጡ ቤተ እስራኤላውያንና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው በርካታ ሲሆኑ፣ ራማት ኤሽኮልን ከመሳሰሉ የመኖሪያ ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው በዚያው በከተማዋ ክልል ውስጥ ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ፍርስራሽ ያገኛል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ጠረፍ ያለፈ ዘመን የሚመለከተው በየዘመኑ ጎብኝተውት ባለፉ ሰዎች ምስክርነትና በውኃ ጉድጓዶቹ በኩል ነው፤ ዓመታቱም በሙሉ የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ አስቀሎና የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የቅጥርና የከበባ ታሪክ ነው። ማን ከበባት፣ ማን አፈረሳት፣ ማን መልሶ ሠራት የሚለው ጥያቄ የጸሐፊዎችን ቀልብ ሲስብ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ ቅጥሩ በፈረሰ ቁጥር ሰው ወደዚያው ቦታ እየተመለሰ የሰፈረበትን ምክንያት የጦርነቱ ታሪክ አይገልጸውም። ምክንያቱ ውኃ ነው። በስፍራው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ መርከብን ከነፋስ የሚከልል የተፈጥሮ ወደብም የለም። ያለው ኩርካር የሚባል፣ የባሕር አሸዋ በኖራ ተጣብቆ የጠነከረበት ቀዳዳማ ዐለት ነው፤ ይህም ዐለት በብርዱ ወራት የሚጥለውን ዝናብ ከላዩ ከተከመረው አሸዋ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። የሰረገው ውኃ ከመሬት በታች ከምሥራቅ ወደ ባሕሩ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ጨው አልባ በመሆኑም ከባሕሩ ሰርጎ ከሚገባው ከባድ ውኃ በላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። በዚህ ተፈጥሯዊ ሥርዓት የተነሣ ከማዕበሉ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ጣፋጭ ውኃ ይሰጣል፤ ከመጠን በላይ የተቀዳ ጉድጓድ ግን ከሥር ጨዋማው ውኃ ስለሚወጣበት ይበላሻል። የአስቀሎና ሰዎች በየግቢያቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ጨዋማ የሆነውን እየተዉ፣ ሌላ እየከፈቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቴል የሚባለው፣ ከተማ በከተማ ላይ እየፈረሰ የተከማቸበት የአፈር ኮረብታ፣ በአሽኬሎን 60 ሔክታር ገደማ ይሸፍናል። ከነዓናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ ከተማይቱን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም፣ እንደ ግማሽ ክብ ባሕሩን ተደግፎ በቆመ የአፈር ግንብ ከበቧት፤ በሰሜን በኩልም ከጭቃ ጡብ ቅስት ያለው በር ሠሩ። ይህ በር እስካሁን ከታወቁት ባለ ቅስት በሮች መካከል በዕድሜ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል፤ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ጡብ በቅስት ተደርድሮ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ የሠሪዎቹን ጥበብ ያሳያል። ከበሩ ወጣ ብሎ በግንቡ ቁልቁለት ላይ በ1990 የተገኘችው ትንሽ ጥጃ ከነሐስ ተሠርታ በብር የተለበጠች ስትሆን፣ ቁመቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የተገኘችውም በሸክላ በተሠራ የማደሪያ ዕቃ ውስጥ ነው። ወደ ከተማይቱ የሚገባ ነጋዴ ወይም መንገደኛ በበሩ ደጃፍ ለዚህች ጥጃ ይሰግድ እንደነበር ይገመታል።

የከተማይቱ ስም በግብፅ ጽሑፎች ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል። ከሁሉም የሚታወቀው ፈርዖን መርኔፕታህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1207 ገደማ ያስቀረጸው ሐውልት ሲሆን፣ አስቀሎናን ድል ካደረጋቸው ከተሞች አንዷ አድርጎ ሲዘረዝር የእስራኤልን ስም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያነሣል። ብዙም ሳይቆይ ፍልስጥኤማውያን ከባሕር ማዶ መጥተው ያዟትና ከጋዛ፣ ከአዛጦን፣ ከአቃሮንና ከጌት ጋር ከአምስቱ ከተሞቻቸው አንዷ አደረጓት፤ በቴሉ ከተገኙት መቃብሮች በተወሰደ አፅም ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ የዘር ምርመራም የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከፊል የዘር ሐረጋቸው ከደቡብ አውሮፓ እንደሚመዘዝ አሳይቷል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ጠረፍ ጋር የተገናኘበትን የመጀመሪያ ክር ማንሳት ተገቢ ነው። በግእዙ ኦሪት፣ ማለትም ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በተጨማሪ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን አጠቃሎ በያዘው ስምንት ክፍል ባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሶምሶን ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰዎችን የገደለበት ታሪክ ይገኛል። ስለሆነም የቤተ እስራኤል ቀሳውስት፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባሉ፣ የባሕር ነፋስ ፈጽሞ በማይደርስባቸው መንደሮች እየኖሩ፣ የዚህችን የባሕር ዳር ከተማ ስም ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ንባብ ያውቁ ነበር።

የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ604 ከተማይቱን አቃጥሎ ሕዝቧን ማረከ፤ በፋርስ ዘመን እንደገና ቆመች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ104 ደግሞ የራሷን የዘመን አቆጣጠር የምትጠቀም ነጻ ከተማ ሆነች። በሮማውያን ዘመን ዓምዶች የተደረደሩበት ትልቅ የሕዝብ አዳራሽ ተሠራባት፤ ፍርስራሹም ዛሬ ቴሉን በያዘው ብሔራዊ ፓርክ መካከል ታድሶ ይታያል። የአይሁድ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ስለ አስቀሎና ያስተላለፉት ትረካ ግን ከአዳራሹ የበለጠ ዕድሜ ያለው ይመስላል፤ ዳማ ቤን ነቲና የተባለ አይሁዳዊ ያልሆነ የከተማዋ ሰው፣ አባቱ የሣጥኑን ቁልፍ ተንተርሶ ተኝቶ ስለነበር ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ ሲል ትልቅ ትርፍ ያለበትን ሽያጭ እንደተወ ይነገራል፤ አባትን ማክበር እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ ሊቃውንቱ በምሳሌነት የጠቀሱት ይህን የአስቀሎና ሰው ነው።

ስለ ጉድጓዶቹ የመጀመሪያው ግልጽ ምስክርነት የሚገኘው ከእስክንድርያው ሊቅ ከአርጌንስ ነው። አርጌንስ በ3ኛው መቶ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ፣ በአስቀሎና የሚታዩት ጉድጓዶች በአሠራራቸው ከሌሎች ጉድጓዶች የተለዩና ሊጠቀሱ የሚገባቸው መሆናቸውን አስፍሯል። በ570 ገደማ ከጣልያን ከፒያቼንዛ የተነሣ፣ ስሙ ያልታወቀ ተሳላሚ በበኩሉ፣ በከተማዋ የሰላም ጉድጓድ የሚባል፣ እንደ ቲያትር ክብ ሆኖ አፉ የሰፋ፣ ሰው በደረጃ እየወረደ ውኃው ዘንድ የሚደርስበት ጉድጓድ ማየቱን ጽፏል። ይህ ዘመን አስቀሎና የወይን ጠጅና ሽንኩርት በብዛት የምትልክበት፣ የአካባቢው ረጃጅም የሸክላ እንስራዎችም በመርከብ ተጭነው በሜዲትራንያን ዙሪያ የሚሠራጩበት ዘመን ነበር፤ ያ ሁሉ የወይንና የአትክልት እርሻ በአሸዋማ መሬት ላይ የለማው በጉድጓድ ውኃ ነው።

ውኃው የሚወጣበት ዘዴ በፓርኩ ውስጥ ባሉት ጉድጓዶች ላይ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። ሳቅያ በሚባለው ዘዴ በሬ ወይም አህያ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ እየዞረ ጥርስ ያለው የእንጨት መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ ይህም መንኮራኩር ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ መንኮራኩር ያዞራል፤ በሁለተኛው ላይ የተንጠለጠለው ገመድ ትናንሽ የሸክላ ማሰሮዎች ታስረውበታልና አንዱ ባዶውን ሲወርድ ሌላው ሞልቶ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ሲደርስም ውኃውን ወደ ገንዳ ይገለብጣል። ገንዳው ቦዩን፣ ቦዩ እርሻውን ያጠጣል። ማሰሮው በየጊዜው ስለሚሰበር ስባሪው በጉድጓዱ ውስጥና ዙሪያ ይከማቻል፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያም የጉድጓዱን ዘመን የሚለየው ከዚያ ስባሪ ነው።

ከተማይቱ በ7ኛው መቶ ዘመን በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላም አልወደቀችም፤ ፋርሳዊው መንገደኛ ናስር ኹስሮው በ1047 ሲያልፍባት ገበያዋንና መስጊዷን፣ እንዲሁም ለማፍረስ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ግዙፍ የድንጋይ ቅስት አይቶ መዝግቧል። የመስቀል ጦረኞች በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ አስቀሎና በግብፅ ፋጢማውያን እጅ ቀርታ የስደተኞች መጠጊያ ሆነች። በካይሮ የአይሁድ ምኵራብ ግምጃ ቤት ከተገኙት የጥንት ወረቀቶች መካከል አንዱ፣ የአስቀሎና የአይሁድ ሽማግሌዎች በ1100 የጻፉት ደብዳቤ ሲሆን፣ ከጦረኞቹ እጅ ምርኮኞችን ለመዋጀት ገንዘብ እየለመኑና እየተበደሩ እንደነበር፣ ከሰዎቹም ጋር 230 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥራዞችን፣ 100 ሌሎች መጻሕፍትንና 8 የኦሪት ጥቅልሎችን ገዝተው እንዳስመለሱ ይገልጻል። የከተማዋን ሁሉ ታሪክ በአንድ ሰነድ የሚወክል ይመረጥ ቢባል፣ ከነገሥታቱ ዜና ሁሉ ይልቅ ይህ ደብዳቤ ሊመረጥ ይገባዋል፤ በችግር ቀን ሰውና መጽሐፍ እኩል የተዋጁበት ነውና።

ቀጥሎ ያለው የጦርነት ዘመን በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ባልድዊን ሣልሳዊ በ1153 ከወራት ከበባ በኋላ ያዛት፤ ሰላሃዲን በ1187 አስመለሳት፤ ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ እንዳይመሽግባት በ1191 ራሱ አፈረሳት፤ ሪቻርድ ቅጥሩን ቢያድሰውም በስምምነት እንደገና ፈረሰ፤ በመጨረሻ የማምሉኩ ሡልጣን ባይባርስ በ1270 ጨርሶ አጠፋት። ከዚያ ሁሉ ግንባታ ጎብኚው ዛሬ በባሕሩ ዳር የሚያየው፣ የቅጥሩን ግንብ ለማጠንከር በጎን ተኝተው የተሰካኩትን የሮማውያን የግራናይት ዓምዶች ነው፤ ግንቡ በማዕበል እየተሸረሸረ በመሄዱ የዓምዶቹ ጫፍ ወደ ባሕሩ አፍጥጦ ይታያል። በመስቀል ጦረኞች ዘመን፣ በ1170 ገደማ፣ የጎበኛት ከስፔን የመጣው አይሁዳዊ መንገደኛ የቱዴላው ብንያም 200 ረባናውያን፣ 40 ቀራያውያንና 300 ሳምራውያን እንዳገኘባት ጽፏል፤ ረባናውያን የሚባሉት የሊቃውንቱን የቃል ትርጓሜ የሚቀበሉ፣ ቀራያውያን ደግሞ በተጻፈው ኦሪት ብቻ የሚጸኑ አይሁድ ናቸው። ብንያም በከተማዋ መካከል የአብርሃም የተባለ ጉድጓድ መኖሩንም ሳይጠቅስ አላለፈም። በ1326 ያለፈው ሞሮኳዊው ኢብን ባቱታ ያገኘው ፍርስራሽ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ በሰፊ ደረጃ የሚወረድበትን የአብርሃምን ጉድጓድ አይቶ ገለጸ። መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ምኵራቡ ሁሉ ከጠፉ በኋላ የተረፈው ጉድጓዱ ነበር።

ቁፋሮ ለሀብት ፍለጋ የጀመረው በ1815 ነው። እንግሊዛዊቷ እመቤት ሄስተር ስታንሆፕ በፍርስራሹ ውስጥ ወርቅ ተቀብሯል የሚል የቆየ ጽሑፍ አግኝታ፣ ከኦቶማን መንግሥት ፈቃድ አስወጥታ አስቆፈረች፤ ወርቅ ጠፍቶ ራስ የሌለው ትልቅ የእብነ በረድ ሐውልት ቢገኝ፣ ቅርሱን ለአገሯ ዘርፋ ወሰደች እንዳትባል ብላ አሰበረችው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ጆን ጋርስታንግ በ1920 እና በ1921 የሮማውያኑን አዳራሽ ቆፍሮ አወጣ፤ ከ1985 እስከ 2016 ደግሞ በሃርቫርዱ ሎውረንስ ስቴጀር የተጀመረው የሊዮን ሌቪ የቁፋሮ ቡድን ከላይ የተጠቀሱትን በር፣ ጥጃና መቃብሮች ለዓለም አስተዋወቀ።

ጥንታዊቷ ከተማ ስትፈርስ የአካባቢው ሕይወት ከባሕሩ ራቅ ብላ ወደ ነበረችው ወደ አል መጅደል ተዛወረ። መጅደል በፍልስጤም ምድር ከታወቁት የሽመና ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከ500 በላይ የሸማ መሥሪያዎች ነበሯት፤ ገነትና እሳት የሚል ስም የወጣለት፣ በጥቁር መደብ ላይ ቀለማማ ጥለት ያለው የሴቶች ልብስ ጨርቋም ዝነኛ ነበር። ነዋሪዎቿ በ1940ዎቹ አጋማሽ 10,000 ይጠጉ ነበር። የእስራኤል ጦር በኅዳር 1948 ሲይዛት አብዛኛው ሕዝብ ሸሸ፤ የቀሩትም በ1950 ወደ ጋዛ እንዲወጡ ተደረገ፤ ሸማኔዎቹ ሙያቸውን በስደተኞች መጠለያ ቀጠሉ። ይህን ሳያነሣ የሚያልፍ የአሽኬሎን ታሪክ ጎደሎ ነው። በባዶው ከተማ ከየአገሩ የመጡ አይሁድ ሰፈሩ፤ በደቡብ አፍሪካ አይሁድ እርዳታ የተሠራው የአፍሪዳር ሰፈርም በ1950ዎቹ ከእርሱ ጋር ተዋህዶ የዛሬዋ አሽኬሎን ተመሠረተች።

ቤተ እስራኤል ወደዚህች ከተማ በብዛት የመጡት ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ቀጥሎም በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በተጓጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ ነው። ወደ ሱዳን በእግር በተደረገው ጉዞና በመጠለያዎቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። የደረሱት መጀመሪያ የገቡት መርከዝ ክሊታ በሚባለው፣ አዲስ መጪ ቋንቋና ሥርዓት እየተማረ በሚቆይበት የመቀበያ ማዕከል ሲሆን፣ ከዚያ ወጥተው በየሰፈሩ ቤት ያዙ። ከሙያቸው አንዱ ሽመና ነበር፤ በስሜን የነበራቸው መንግሥት በ1620ዎቹ በአፄ ሱስንዮስ ከፈረሰና ርስታቸውን ካጡ በኋላ ወንዶቹ በአንጥረኛነትና በሸማኔነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ለዚህም ሙያቸው ጎረቤቶቻቸው ቡዳ እያሉ ሲሰድቧቸው ኖረዋል። የሸማኔዎቹ ከተማ ሸማኔዎቿን ባጣች በ35 ዓመቷ ሌሎች ሸማኔዎች መጡባት፤ ፋብሪካ ያመረተው ጨርቅ በሞላበት አገር ግን ለሙያቸው ገበያ አልነበረም።

ከሽመናው ይልቅ አብሯቸው የዘለቀው የውኃ ሥርዓታቸው ነው። ቤተ እስራኤላውያን በኢትዮጵያ መንደራቸውን የሚመሠርቱት በወንዝ ወይም በምንጭ አጠገብ ነበር፤ ምክንያቱም ኦሪቱ ያዘዘውን መንጻት የሚፈጽሙት ሕያው በሆነ፣ ማለትም በሚፈስ ውኃ ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የመርገም ጎጆ ወደሚባለው፣ ከመንደሩ ዳር ወዳለው ቤት ትገባለች፤ ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ፣ ልብሷን አጥባ፣ ተጠምቃ ስትመለስ ብቻ ወደ ቤቷ ትገባለች። ወላድም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ተለይታ ከቆየች በኋላ እንዲሁ ታደርጋለች። ሬሳ የነካ፣ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ፣ ገበያ ውሎ የመጣ ሁሉ ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም ነበር፤ በዚህም አትንኩኝ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ወንዙ በመንደሩ ሕይወት ውስጥ የነበረው ቦታ ከጸሎት ቤቱ የሚያንስ አልነበረም።

በእስራኤል የገጠማቸው ትልቁ ሐዘን የመጣውም በዚሁ በውኃ በኩል ነው። ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ቢያረጋግጡም፣ ሊቀ ረቢነቱ ጥርጣሬን ለማስወገድ በሚል ጋብቻ የሚፈልጉ ሁሉ ሚቅቬ በሚባለው የመንጻት ገንዳ ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዘ። ለትውልዶች በወንዝ ዳር ሕጉን ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ፣ በሌሎች ገንዳ ካልነጻህ ሙሉ አይደለህም ሲባል የተሰማውን ቁስል መገመት አያዳግትም። በ1985 መጸው ማኅበረሰቡ በኢየሩሳሌም በሊቀ ረቢነቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ገደማ ተቀምጦ ተቃውሞውን አሰማ፤ ይህ ሰልፍ ማኅበረሰቡ በአገሩ ላይ ድምፁን በጋራ ያሰማበት የመጀመሪያው ትልቅ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በታሪክነቱ ከዘመቻዎቹ እኩል ሊጻፍ ይገባዋል። ሥርዓታቸው በመንግሥት ደረጃ ክብር ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን የሚከበረው፣ ቀሳውስቱ ኦሪቱን በግእዝ አንብበው የሚተረጉሙበት የስግድ በዓል በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ።

ዛሬ አሽኬሎን በጉድጓድ አትኖርም። በ2005 ሥራ የጀመረው፣ የባሕርን ውኃ በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ወንፊት አሳልፎ ጨዉን የሚያስቀር ፋብሪካ በቀን ከ300,000 ሜትር ኩብ በላይ የሚጠጣ ውኃ ያመርታል። ባሕሩ ራሱ ምንጭ ሆኗል፤ የጥንቶቹ ጉድጓዶች ለጎብኚ መታያ ቀርተዋል። እነዚያን ጉድጓዶች የምናውቃቸው ግን ድንጋያቸው ስለተረፈ ብቻ ሳይሆን፣ አርጌንስ፣ የፒያቼንዛው ተሳላሚ፣ ብንያምና ኢብን ባቱታ ያዩትን ስለጻፉ ነው። የደጋው ወንዞች እንዲህ ያለ ጸሐፊ አላገኙም፤ የየትኛው መንደር ሰዎች በየትኛው ወንዝ ይነጹ እንደነበር፣ የመርገም ጎጆው ከየትኛው አቅጣጫ እንደነበር፣ የስግድ ዕለት ከየትኛው ምንጭ ታጥበው ወደ የትኛው ተራራ ይወጡ እንደነበር በትክክል የሚያውቁት በእግራቸው ሄደው የመጡት አረጋውያን ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በራማት ኤሽኮልም ሆነ በሌሎቹ የአሽኬሎን ሰፈሮች የሚኖሩ ወጣቶች እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ይዘው ወደ ቴሉ ይውረዱ፤ በጉድጓዶቹ አፍ አጠገብ አስቀምጠውም የየመንደራቸውን ወንዝ ስም፣ መልካውንና ሥርዓቱን ይጠይቋቸው፤ የሰሙትንም በአማርኛ፣ በትግርኛና በዕብራይስጥ ዛሬውኑ ይጻፉ።